በድሮው ሕግ

ወንድምና እህት ሲጣሉ ሰው «ተዋቸው፣ የአንድ እናት ልጆች አይደሉ? ራሳቸው ይታረቃሉ» ይላል። ሰው ምን ቸገረው! የአንድ እናት ልጆች ስለሆኑ እኮ ነው የማይታረቁት። ባዕድ ቢሆን አንዱ ይሰለቸውና ይተወው ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን የእናታቸውን ቤት መሐል ለመሐል በእንጨት ግድግዳ አስከፍለው፣ እሷ በአንዱ በር እሱ በሌላው እየገቡ እየወጡ፣ መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ እሷ ጫማዋን እሱ ሰማዩን እያዩ፣ ሆድና ጀርባ ሆነው ሦስት ዓመት ኖሩ።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ ከዚያው ግድግዳ ተጠግቶ ነው የተቀመጠው፣ ብርሃን የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ። ታናሽ ወንድሟ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ደግሞ ስኳር በሽታ አለበት። እናታቸው «የኔ ልጅ ደሙ ሳይቀር ጣፋጭ ነው» እያለች «ማር» ብላ ጠራችው፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። የእናትየው እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ኢንሱሊኑን የምትወጋው እህቱ ነበረች፣ ያኔ እሷም ልጅ ናት። እሱም በአጸፋው «መርፌ» አላት። ኋላ ልብስ ሰፊ ስትሆን ሰፈሩ በሥራዋ የወጣላት ስም መሰለው። እሷም አላረመችውም፤ ምላሷም ቢሆን ከመርፌ አይተናነስም።

ልጆች ሳሉ እናታቸው ሁለት ያገለገሉ የእጅ ጌሞች ገዝታላቸው ነበር፤ መዳፍ የሚሞሉ፣ ስክሪናቸው የተጫጫረ፣ የአንዱ ቁልፍ አጥብቀው ካልተጫኑት የማይሠራ። ሲም ካርድ አይፈልጉም፣ ኢንተርኔት የሚባል አያውቁም። ሁለቱም በርተው ከተቀራረቡ ግን ያለ ገመድ ይፈላለጋሉ። የአንዱ ስም ሌላው ስክሪን ላይ ብቅ ይላል፤ ከስሙ ጎን እንደ ስልክ ኔትወርክ ትንንሽ መስመሮች ይደረደራሉ። መስመሩ ሙሉ ከሆነ ሰውዬው እዚሁ አጠገብ ነው፤ አንድ ብቻ ከቀረ ጓዳ ገብቷል ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ «ክፍል» ይከፍትና አጭር ስም ይሰጠዋል፣ ሌላው ይገባል፣ የመኪና እሽቅድምድም ይጀመራል። እነማር ሲጣሉ የሚፋረዱት በዚህ ነበር። እናታቸው ድምፃቸው ከፍ ሲል «በሉ ፍርድ ቤቱን ክፈቱ!» ትላቸዋለች።

ፍርድ ቤቱ ሕግ ነበረው። ከአምስት ጨዋታ ሦስት ያሸነፈ ፈረደ። ጨዋታ ጥሎ የወጣ ተሸነፈ። ፖዝ ያደረገ ራሱ ያስቀጥል፤ ሌላው ቢፈልግም አይችልም፣ ማሽኑም አይፈቅድለትም። ዋናው ሕግ የመጨረሻው ነው፦ የተሸነፈው ወጥቶ በሩን ያንኳኳል፣ «ጥፋተኛ ነኝ» ይላል። ያሸነፈው «ግባ» ወይም «ግቢ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያ ነገር እድሜ ልክ አይነሳም።

ማር በጌሙ ጎበዝ ነጂ ነበር። መርፌ እሱን ማሸነፍ ለወጉ እንኳ አልደረሳትም። እናታቸው ከወጥ ቤት ሆና «ማነው የሚመራው?» ትላለች፤ «እሱ» ካሏት ሽንኩርቷን መክተፍ ትቀጥላለች። «እኔ!» ያለችው መርፌ ከሆነች ግን ሴትዮዋ ቢላዋውን ወርውራ፣ ውኃ ውስጥ ስኳር በጥብጣ ትሮጣለች። «ይሄ ልጅ መሸነፍ ከጀመረ ስኳሩ ወርዷል» ባይ ናት። እሱ «አልወረደም፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይፎክራል፤ ጣቱን ሲወጉት ወርዶ ይገኛል። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ማር ብርጭቆውን ጨልጦ ላቡ ሲደርቅለት እናትየው «ተመስገን» ትላለች፤ መርፌ ደግሞ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። «እኔ በራሴ አላሸንፍም ማለት ነው? እሱ ካልታመመ አላሸንፍም?» ሲያዩት የልጅ ለቅሶ ነው፤ ሆድ ውስጥ ግን አብሮ ያድጋል።

የተጣሉት እናታቸው በሞተች ጊዜ ነው። ረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ነበረች፤ በየተራ ያስታምሟታል። የሞተችው በእሱ ተራ ነው። ቀኑን ሙሉ ፍሪጅ ተሸክሞ የዋለ ሰው፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጣለው፤ ሲነቃ እናቱ የለችም። ትጥራው አትጥራው ማን ያውቃል? መርፌ ግን አወቅሁ አለች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጣቷን ቀስራ «እናቴ ስትጠራው ተኝቶ የገደላት እሱ ነው!» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ማር በሳምንቱ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን አናጢ ይዞ መጣ።

አናጢው ሽማግሌ ናቸው፣ ሁለቱንም ከሚድሁበት ጊዜ ጀምሮ ያውቋቸዋል። ሳንቃውን አቁመው ሲጨርሱ «ለመሆኑ መተላለፊያ በር ልተውላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ለዓመታት በምንም ተስማምተው የማያውቁት ልጆች በአንድ አፍ «አይሆንም!» አሏቸው። «ጉድ ነው፣ ለክፉ ሲሆን ትስማማላችሁ» አሉና ሚስማራቸውን መቱ።

እንግዲህ እሷ ይቅርታ የምትጠብቀው ከእሱ ነው፤ ተኝቷልና። እሱ የሚጠብቀው ከእሷ ነው፤ ተናግራለችና። እናታቸው ብትኖር «እልህ ምላጭ ያስውጣል» ትላቸው ነበር። አልነበረችም፤ ምላጩን እየዋጡ ተቀመጡ።

አንድ ቀን መርፌ ለአንድ ቀሚስ የሚሆን ዚፕ ስትፈልግ ከመሳቢያው ሥር ያንን የእጅ ጌም አገኘችው። ይሠራ ይሆን ብላ ቻርጅ ላይ ሰካችውና አበራችው። ሙዚቃው ገና ሳያልቅ ስክሪኑ ላይ አንድ ስም ብቅ አለ፦ ማር። መስመሩ ሙሉ ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከሳንቃው ማዶ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ እሱም አብርቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ይሄ ሰው ስንት ጊዜ ብቻውን እንዲህ አብርቶ ተቀምጦ ይሆን? የክፍሉ ስም «አለሽ?» ይላል። መርፌ ምንም ሳትል ገባች፣ ተጫወቱ፣ በሰፊው አሸነፋት። በየቅዳሜው ከሰዓት እንዲህ ሆነ። ቃል አይነጋገሩም፤ ጌሙም እንደ ስልክ አያናግርም። የክፍሉን ስም ብቻ ማር ይቀያይረዋል፦ «አሁንም ቀርፋፋ»፣ «ፍሬን አለው እኮ»፣ አንዴ ደግሞ «ስፌትሽ ይሻላል»። እሷ ለብቻዋ ትስቃለች፣ ድምፅዋ እንዳይሻገር አፏን በጨርቅ አፍና። መንገድ ላይ ሲተያዩ ግን ያው ነው፤ እሷ ጫማ፣ እሱ ሰማይ።

በዚያች ቅዳሜ የክፍሉ ስም «በድሮው ሕግ» ይላል።

መርፌ የያዘችውን ኮሌታ አስቀመጠች። በድሮው ሕግ! ፍርድ ቤቱ ተከፈተ ማለት ነው። የተሸነፈው በር ያንኳኳል፣ «ጥፋተኛ ነኝ» ይላል፣ ነገሩ ይዘጋል። ታዲያ ማን እንደሚሸነፍ ማን አያውቅም? «ተንኮለኛ!» አለች ለራሷ። «እኔን አንበርክኮ ይቅርታ ሊያስለኝ ነው።» ግን ገባች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ብትሸነፍም ደስ ይላት ነበር። እስከዛሬ በር ያላንኳኳችው ጠልታ አልነበረም፤ የሚያንኳኩበት ምክንያት አጥታ እንጂ።

የመጀመሪያውን እሱ በላ። ሁለተኛውንም እሱ። በሦስተኛው ላይ የማር መኪና መታጠፊያውን ሳተችና ከአጥር ተላተመች። መርፌ አለፈችው። አራተኛውን እሷ ስትወስድ እሱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንገዋለላል። ሁለት ለሁለት!

«እሰይ!» አለች፣ ጮክ ብላ። ይስማ! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያ ድምፅ የመጣባት። ከወጥ ቤት በኩል፣ ቢላዋው መክተፊያው ላይ እንዳለ፣ «ማነው የሚመራው?» የሚል። ሰምታዋለች። አልሰማሁም ብትል ውሸቷን ነው። «ዝም በይ እማዬ» አለች በሆዷ፤ «ዛሬስ በራሴ ነው።»

አምስተኛው ተጀመረ። የእሱ መኪና ከመነሻው ትንሽ ሄዳ ቆመች። ቀጥሎ ስክሪኑ ደረቀ፦ «ማር ፖዝ አድርጓል»። ወዲያው ተለቀቀ። ደግሞ ደረቀ። ተለቀቀ። ደረቀ። ተለቀቀ።

መርፌ ይህንን ታውቀዋለች። ልጅ ሆነው፣ እሷ ልትቀድመው ስትል እንዲህ እያቋረጠ ያናድዳት ነበር። መሸነፍ የማይወድ! «ሌባ!» አለች ወደ ሳንቃው። «ተጫወት እንጂ! ደረስኩብህና ነው?» ስክሪኑ እንደገና ደረቀ፣ ተለቀቀ፣ ደረቀ፤ በዚያው ቆመ። ፖዝ። ከዚያ ከግድግዳው ማዶ ከበድ ያለ ነገር ወለሉን መታ። ማር ሲናደድ እቃ መወርወር ልማዱ ነው፤ ቆሽቱ አርሯል ስትል ሳቀች። ቆየት ብሎ ሳንቃው ተንኳኳ። ከታች ከወለሉ ጥግ፣ ቀስ ብሎ። ደግሞ አንዴ።

መርፌ ከወንበሯ ብድግ አለች። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ነው፣ ማንኳኳት። ግን እንዲህ ነው እንዴ? በሳንቃ? ተቀምጦ? ለእሷ በር መምጣት እንኳ ተጠይፎ? «በበር ና!» ብላ ጮኸች። «ሰው የሚገባው በበር ነው! ሕጉ በበር ነው የሚለው፣ እንደ አይጥ ሳንቃ መቧጠጥ አይደለም!»

ማንኳኳቱ ቆመ።

ተቀመጠች። ፖዝ ያደረገ ራሱ ያስቀጥላል፤ ጥላ ብትወጣ ተሸነፈች። ኮሌታዋን አንስታ መስፋት ጀመረች፣ በአንድ ዓይኗ ስክሪኑን እያየች። «የማን ባትሪ ቀድሞ እንደሚያልቅ እናያለን» አለች። የእሷ ቻርጅ ላይ ነው። መስመሩ ሙሉ ነው፤ አልሄደም፣ እዚሁ አጠገቧ ነው፣ አኩርፎ። አንዱን ኮሌታ ጨርሳ ሌላ ጀመረች። ሁለተኛውን ስትፈጽም ስክሪኑ «ማር ወጥቷል» አለ።

«ወጣ!» ብላ ዘለለች። «የወጣ ተሸነፈ! በራሴ አሸነፍኩት!»

አሁን ይመጣል። ፀጉሯን አስተካከለች፣ የጨርቅ ቁርጥራጩን ጠራረገች፣ ሻይ ጣደች። ሁለት ብርጭቆ አወጣች፤ ለራሷ በስኳር፣ ለእሱ ያለ ስኳር። «ግባ» የሚለውን ቃል ቀስ ብላ ለራሷ ተለማመደችው። ከግባ በኋላ ልትለው ያሰበችውም ነበራት፤ «እኔም ያን ቀን ያልኩህ ልክ አልነበረም» ልትለው ነበር። እውነት ነው፣ ልትለው ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ። እንደገና አሞቀችው። ብርሃኑ ከመስኮቷ እየሸሸ ሲሄድ፣ በሳንቃዎቹ ስንጥቅ የእሱ መብራት ሲበራ አላየችም።

«ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው እንግዲህ» ብላ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ሄዳ በሩን ደበደበችው። የብረት በር ነው፣ ከውስጥ ተቀርቅሯል። «አንተ! ተሸንፈህ ትደበቃለህ?» በመስኮቱ፣ መጋረጃው በተገለጠበት በኩል፣ ዓይኗን አስጠግታ ተመለከተች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አጠገቡ ክዳኑ ያልተነሳ ሳህን አለ። ከሳህኑ አጠገብ ደግሞ ባዶ የኢንሱሊን መርፌ።

ወግቷል። አልበላም።

ይህንን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልጋትም፤ ለዚህ ልጅ ስንት ጊዜ ወግታ ስንት ጊዜ «ቶሎ ብላ» ብላዋለች። መርፌውን ወግቶ፣ ምግቡን አቅርቦ፣ «መጀመሪያ አንድ ጊዜ ልጫወት» ብሎ ተቀምጧል። የሳተው መታጠፊያ፣ የተላተመው አጥር፣ ቆሞ የሚሄደው ስክሪን፣ ከወለሉ ጥግ የተንኳኳው ሳንቃ፣ ሁሉም ባንዴ መጣባት። «በሞትኩት! ኧረ የሰው ያለህ!» እያለች መንገዱን ተሻገረች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

አናጢው መዶሻና መፈልቀቂያ ይዘው በእርጅናቸው ሮጡ። በሩን አንዴ ገፋ አድርገው ተዉት። «ይሄ ብረት ነው፤ በአንቺ በኩል ግቢ። ግድግዳውን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አውቀዋለሁ» አሉ። የስፌት መኪናውን ገፍትረው የታችኛውን ሳንቃ ፈለቀቁት።

ማር እዚያው ነበር። የስፌት መኪናዋ እግር ካረፈበት ትይዩ፣ ሳንቃውን ተደግፎ ተጣጥፎ ወድቋል፤ እጇን ብትዘረጋ ይነካ ነበር። ላቡ ደርቆ ቆዳው በርዷል። ጺሙን ተላጭቷል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ፍሪጅ ጠጋኝ ለጌም ብሎ ነጭ ሸሚዝ አይለብስም። ቢያሸንፍም ቢሸነፍም በእሷ በር ሊመጣ ነበር። ጌሙ ከመዳፉ ሥር ነው፣ አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ።

«ይተነፍሳል! ልጄ፣ ይተነፍሳል!» አሉ አናጢው።

ጥርሱ አልላቀቅ አላት። ስኳሩን በጣቷ ድዱ ላይ እያሸች «ማር፣ ማርዬ፣ እኔ ነኝ፣ ዋጥ፣ እባክህ ዋጥ» አለችው። ያለ ስኳር የቀዳችው ሻይ ከኋላዋ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሐኪም ቤት አዳኑት። ዳነ ይባላል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ መርፌን ዓይን ዓይኗን እያየች ነገረቻት። «አንጎል የሚኖረው በስኳር ነው፤ የእሱ ለብዙ ሰዓት ተርቦ ቆይቷል። አንድ ብርጭቆ ስኳር በውኃ ቀድሞ ቢያገኝ ኖሮ… እንግዲህ ያለውን እንይ።» ከዚያ «ብቻውን ነው የሚኖረው?» ብላ ጠየቀች። መርፌ «አይ» አለች፣ «ከእኔ ጋር ነው።» ሌላ ምን ትበል?

ወደ ቤት ስታመጣው አናጢው ግድግዳውን አፍርሰው ጠበቋት፤ ዋጋ ቢባሉ ተቆጡ። መሐል ላይ ያለው ቋሚ ብቻ ቀረ፣ ጣራውን ደግፏልና። የማርን አልጋ ከቋሚው ማዶ አደረጉት፣ የስፌት መኪናው ከወዲህ ነው። አሁን ምንም አይጋርዳቸውም።

አይናገርም። ሲያጎርሱት ይበላል፣ ሲያነሱት ይነሳል፣ ሲጠሩት ዞር አይልም። አንድ ቀን ጌሙን ቻርጅ አድርጋ መዳፉ ላይ ብታስቀምጥለት ጣቶቹ ቦታቸውን ያዙ። የራሷን አበራች። ብቅ አለ፦ ማር። መስመሩ ሙሉ። የሐዘን ደስታ የሚባል ነገር ካለ ያን ቀን ደረሰባት። ክፍል ከፍታ አስገባችው። መኪናው ከመነሻው አይንቀሳቀስም። አውራ ጣቱ የሚያውቀው አንዲት ቁልፍ ብቻ ነው። ስክሪኗ ይደርቃል፣ ይለቀቃል፣ ይደርቃል፣ ይለቀቃል።

ቀኑን ሙሉ ጌሟን የስፌት መኪናዋ አጠገብ አብርታ ትሰፋለች። ስክሪኑ በደረቀ ቁጥር ስፌቱ መሐል ላይ ቢሆንም ታቆማለች። ትነሳለች። ጣቱን ትወጋለች፣ ትለካለች፣ ስኳሩ ደህና ነው። ተመልሳ ትቀመጣለች። ይደርቃል። ትነሳለች። አናጢው አንድ ቀን ሊጠይቁ መጥተው ይህንን አይተው «ኧረ ልጄ፣ እንዲሁ እኮ ነው የሚነካካው፣ ምንም አልሆነም። ሥራሽን ሥሪ» አሏት።

«ዛሬ ምንም አልሆነም፣ ጋሼ» አለች መርፌ፣ ስኳር የበጠበጠችበትን ብርጭቆ እንደያዘች። «ያኔም ምንም አልሆነም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሥራ አትሠራም። የክፍሉን ስም ራሷ ትጽፋለች፦ በድሮው ሕግ። ያን ቀን ጥሎ የወጣው ባትሪው ነው፣ እሱ አይደለም፤ ስለዚህ ያሸነፈችው ጨዋታ የለም። ጌሟን ታጠፋለች፤ ጥላ ወጣች፣ ተሸነፈች። ከዚያ ተነስታ ወደዚያ ብቸኛ ቋሚ ትሄዳለች። በር የለውም፣ ግድግዳም የለውም፤ ግን ከዚህ ሌላ የሚንኳኳ ነገር በመሐላቸው አልቀረም። በጣቷ ታንኳኳለች።

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» ትላለች።

«ግቢ» እስኪላት ትጠብቃለች። ማር ስክሪኑን ያያል፣ ቁልፏን ይጫናል። የሚበላበት ሰዓት እንዳያልፍ ሳህኑን ይዛ ሳይፈቀድላት ትገባለች።